ፓኬጅ ከመጫኑ በፊት ዓይነቱን ማረጋገጥ፦ ደረጃ በደረጃ

አንድ የዴቢያን (የሊኑክስ ስርጭት ነው) ፓኬጅ፣ ማለትም ለመጫን የተዘጋጀ የፕሮግራም ጥቅል፣ ስትጭኑ፣ ፋይሎቹ ዲስክ ላይ ከመዘርገፋቸው በፊት የሚሮጥ ስክሪፕት ሊኖር ይችላል። ፕሪኢንስት ይባላል። የሚሮጠውም በሩት፣ ማለትም ሁሉን ማድረግ በሚችለው የሲስተሙ ተጠቃሚ፣ ሥልጣን ነው። እንግዲህ ፓኬጁ የተሳሳተ ዓይነት መሆኑን ከተጫነ በኋላ ብታውቁ ምን ዋጋ አለው? ስክሪፕቱ የሚሠራውን ሠርቶ ጨርሷል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ይህ መመሪያ ፓኬጅ ተቀብሎ ለፓኬጅ ማናጀር የሚያስረክብ ነገር ለሚሠራ ሰው ነው። የመሥሪያ ቤት የማሰራጫ ሰርቨር ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ማሽን የሚያዘጋጅ ስክሪፕት ወይም ተጠቃሚ ፋይል የሚጭንበት ገጽም ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ ከኦፊሴላዊ ሪፖዚተሪ በስም ብቻ የምትጭኑ ከሆነ አብዛኛውን ሥራ አፕት (የዴቢያን ፓኬጅ ማናጀር) ወይም ዲኤንኤፍ (የፌዶራና የመሰሎቹ) ይሠሩላችኋል። ጣጣው የሚመጣው ፋይሉ በሌላ በር ሲገባ ነው። በዴቢያን አሠራር ፊርማው የሚያርፈው በሪፖዚተሪው ማውጫ ላይ እንጂ በእያንዳንዱ ፓኬጅ ላይ አይደለም። ስለዚህ ዲስክ ላይ ያለ ዴብ ፋይል በቀጥታ ለአፕት ስትሰጡት፣ የሚያመሳክርበት የተፈረመ ማውጫ የለውም። ዲኤንኤፍም በነባሪ ቅንብሩ ከዲስክ የመጣ አርፒኤም (እሱ የሚጭነው የፓኬጅ ፎርማት) ላይ ፊርማ አይፈትሽም። ሎካል ፓኬጅ ጂፒጂ ቼክ የሚለውን ቅንብር ራሳችሁ ማብራት አለባችሁ።

አንድ ፓኬጅ ስለ ዓይነቱ በሦስት ቦታ ይናገራል፦ በፋይሉ ስም፣ በባይቶቹ እና በውስጡ ባለው ሜታዳታ (ስለ ፓኬጁ የሚገልጽ መረጃ)። ሦስቱ ካልተስማሙ አይጫንም። ቢስማሙም እኛ የፈቀድነው ዓይነት መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ወደ ሥራ መለወጥ ነው። ይህን አጣርቶ የሚያሳልፈውን ወይም የሚመልሰውን ክፍል «በር» እንለዋለን።

1. የሚፈቀደውን በጽሑፍ አስቀምጡ

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ዝርዝር አውጡ። የትኛውን ፎርማት ነው የምትቀበሉት? ለየትኛው አርክቴክቸር? በፎርማቱስ ውስጥ የትኛውን ዓይነት? «አርፒኤም እንቀበላለን» ማለት አይበቃም። አርፒኤም የተጠናቀረ ሊሆን ይችላል፤ የሶርስ ኮድ ፓኬጅም ሊሆን ይችላል። «የፓይተን ፓኬጅ» ማለትም አይበቃም። ዊል (ተገንብቶ ያለቀ ፓኬጅ) እና የሶርስ ስርጭት (ሲጫን የሚገነባ) ሲጫኑ የሚያደርጉት ነገር ሰማይና ምድር ነው።

ዝርዝሩ የሚፈቀደውን ብቻ ይያዝ። «ይህ ይከልከል፣ ያ ይከልከል» እያሉ መጀመር ማለቂያ የለውም። ያላሰባችሁት ነገር ሲመጣ መልሱ በራሱ «አይ» መሆን አለበት።

2. ጥያቄውን ራሱን መድቡ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል። ፋይል ከመምጣቱ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ። ለምሳሌ ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ ማናጀር) «ይህን ጫን» ሲባል የሚሰጠው ነገር ብዙ መልክ አለው። የፓኬጅ ስም ከነቨርዥኑ ሊሆን ይችላል። ታግ ሊሆን ይችላል። የጊት ሪፖዚተሪ፣ የታር ፋይል (ብዙ ፋይሎችን በአንድ የሚይዝ ማህደር) ሊንክ፣ ዲስክ ላይ ያለ ፋይል ወይም ፎልደርም ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በአንድ ትዕዛዝ ይቀበላል። ከጊት የሚመጣ ፓኬጅ ላይ ደግሞ ፕሪፔር የሚባል ስክሪፕት ካለ፣ ፓኬጁን ለማዘጋጀት ያንን ያስኬዳል። የፓይተኑ ፒፕም እንዲሁ ስም፣ ሊንክ፣ ፎልደርና የጊት አድራሻ ይቀበላል።

ስለዚህ ተጠቃሚው የጻፈውን እንዳለ ለፓኬጅ ማናጀሩ አታቀብሉ። መጀመሪያ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሆነ ለዩ። ስምና ቨርዥን ብቻ የምትፈቅዱ ከሆነ፣ ሌላው ሁሉ እዚሁ ይቁም፤ ምንም ነገር ሳይወርድ። በሰረዝ የሚጀምር ጽሑፍም አትቀበሉ። ትዕዛዙ እንደ ፓኬጅ ስም ሳይሆን እንደ አማራጭ ሊያነበው ይችላል።

3. ፋይሉን ወደ ማቆያ ቅዱ

ፋይሉ የሚመረመርበት ፎልደር ሌላ ማንም ሊጽፍበት የማይችል መሆን አለበት። ፋይሉ ከወረደ በኋላ ወደዚያ ቅዱት፣ መጠኑን ከገደባችሁ ጋር አወዳድሩ፣ የሻ256 ሃሽ (የፋይሉን ይዘት የሚለይ አሻራ) አስሉ፣ ሃሹን ያዙ። ከዚህ በኋላ የምትመረምሩት ይህን ቅጂ ብቻ ነው። የምትጭኑትም ይህንኑ ነው። ለምን እንደሆነ 9ኛው ደረጃ ላይ እንመለስበታለን።

በማቆያው ውስጥ ለፋይሉ የራሳችሁን ስም ስጡት። የመጀመሪያውን ስም በሌላ ቦታ መዝግቡ፤ ለማነጻጸር ይፈለጋል።

4. የመጀመሪያዎቹን ባይቶች አንብቡ

በፋይሉ ስም መጨረሻ ባለው ቅጥያ ላይ አትመኩ። ከሰርቨሩ ምላሽ ጋር የሚመጣው ኮንቴንት ታይፕም ያው ነው፤ ሰርቨሩ ያሰኘውን ይጽፋል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ ኤፒኬ የሚለው ቅጥያ ነው። አንድሮይድም አልፓይን ሊኑክስም ይጠቀሙበታል። የአንድሮይዱ ዚፕ ነው። የአልፓይኑ፣ በሁለተኛው ትውልድ ፎርማቱ፣ በጂዚፕ የተጨመቁ የታር ክፍሎች ተቀጣጥለው የተሠራ ነው። በቅጥያ ምንም አይለያዩም፤ በባይት ግን የመጀመሪያው ቁጥር ላይ ይለያያሉ። ፒኬጂ የሚለው ቅጥያም እንዲሁ ነው። በማክ ላይ ዛር የሚባል ማህደር ነው፣ በፍሪቢኤስዲ ደግሞ የተጨመቀ ታር።

የሚከተሉት የመነሻ ባይቶች ናቸው። ቁጥሮቹ በአስርዮሽ የተጻፉ ናቸው፦

- ዴብ፦ 33 60 97 114 99 104 62 10
- አርፒኤም፦ 237 171 238 219
- ዚፕ (ዊል፣ ጃር፣ ኑጌት፣ የአንድሮይድ ኤፒኬ)፦ 80 75 3 4
- ጂዚፕ (የኤንፒኤም ፓኬጅ፣ አብዛኛው የፓይተን ሶርስ ስርጭት)፦ 31 139
- ኤክስዜድ፦ 253 55 122 88 90 0
- ዚስታንዳርድ (የአርች ሊኑክስ ፓኬጅ)፦ 40 181 47 253
- የማክ ፒኬጂ፦ 120 97 114 33
- የዊንዶውስ ኤምኤስአይ፦ 208 207 17 224 161 177 26 225
- ስኳሽኤፍኤስ (ስናፕ)፦ 104 115 113 115

ዝርዝሩን እንዳለ ኮዳችሁ ውስጥ ገልብጣችሁ «ጨረስኩ» እንዳትሉ። እነዚህ ቁጥሮች የሚናገሩት ስለ መያዣው እንጂ ስለ ፓኬጁ አይደለም። በዴብ ረድፍ ያሉት 8 ባይቶች የዴቢያን ብቻ አይደሉም፤ ኤአር የሚባለው የቆየ የማህደር ፎርማት መለያ ናቸው። የሲ ቋንቋ ስታቲክ ላይብረሪም በእነዚሁ ይጀምራል። ዚፕማ ከዎርድ ሰነድ እስከ ጃቫ ፕሮግራም የማይይዘው የለም።

ስለዚህ ትንሽ ገፋ አድርጉ። ዴብ ከሆነ ከ8ቱ ባይቶች ቀጥሎ የመጀመሪያው አባል ፋይል ስም ይመጣል። «ዴቢያን-ባይነሪ» የሚል መሆን አለበት። የአባሉ ራስጌ 60 ባይት ስለሆነ፣ ይዘቱ የሚጀምረው ከ68ኛው ባይት ነው፤ ከዜሮ ስንቆጥር። ከዚህ በኋላም ባይቶችን የምንቆጥረው እንዲሁ ነው። እዚያ 50 46 48 10 ታገኛላችሁ፤ «2.0» እና አዲስ መስመር ማለት ነው። በአጠቃላይ 72 ባይት ብቻ አንብባችሁ ስታቲክ ላይብረሪን ከዴብ ለያችሁ ማለት ነው።

አርፒኤምም የራሱ ስጦታ አለው። የመጀመሪያዎቹ 96 ባይቶች ሊድ ይባላሉ። በሊዱ ውስጥ 6ኛውና 7ኛው ባይት ዓይነቱን ይናገራሉ፤ 0 ከሆነ የተጠናቀረ፣ 1 ከሆነ የሶርስ። ይህ ግን የቆየ ቅርስ ነው። ዛሬ የሚታመነው ከሱ በኋላ የሚመጣው ዋናው ራስጌ ነው። ሊዱን ለፈጣን ማጣሪያ ተጠቀሙበት፣ ፍርዱን ግን ከዋናው ራስጌ ውሰዱ። ሁለቱ ከተቃረኑ ፋይሉን መልሱ።

ታር ራሱ ትንሽ ያስቸግራል። መለያው ያለው መጀመሪያ ላይ ሳይሆን 257ኛው ባይት ላይ ነው፦ 117 115 116 97 114። ከተጨመቀ ደግሞ መጀመሪያ ጥቂቱን መፍታት ይጠይቃል።

በተግባር እዚህ ደረጃ ላይ በብዛት የሚያዘው አጥቂ አይደለም፤ የተበላሸ ዳውንሎድ ነው። በ60 33 የሚጀምር «ዴብ» ካገኛችሁ፣ ያወረዳችሁት የስህተት ገጽ ነው። ኤችቲኤምኤል። ፋይሉ ወደ መቶ ሠላሳ ባይት ገደማ ከሆነና በተራ ጽሑፍ ቨርዥን በሚል ቃል ከጀመረ፣ የጊት ኤልኤፍኤስ ጠቋሚ ነው፤ እውነተኛው ፋይል አልመጣም። ለእነዚህ ሁለቱ የተለየ የስህተት መልእክት ጻፉ። «ልክ ያልሆነ ፓኬጅ» ከምትሉት «ይህ ድረ ገጽ እንጂ ፓኬጅ አይደለም» ብትሉት ተጠቃሚው ወዲያው ይገባዋል።

በሊኑክስ ላይ ፋይል የተባለው ትዕዛዝ ይህን ሁሉ በቅጽበት ይነግራችኋል። ለዓይን ፍተሻ ግሩም ነው። ለበሩ ፍርድ ግን እሱን ብቻ አልመርጥም። የሚመልሰው ለሰው የተጻፈ መግለጫ ነው፣ ቃላቱም ከቨርዥን ቨርዥን ይለዋወጣሉ። የምትቀበሉት ሦስት ወይም አራት ፎርማት ከሆነ፣ የራሳችሁን አጭር ፈታሽ መጻፍ ይሻላል።

5. ሳትፈቱ ውስጡን እዩ

አሁን መያዣውን ክፈቱ፤ ግን ዲስክ ላይ ምንም አትዘርግፉ። ማውጫውን ብቻ አንብቡ።

እያንዳንዱ ፎርማት ሊኖሩት የሚገቡ ነገሮች አሉት። ዴብ ከመጀመሪያው አባል ቀጥሎ የኮንትሮል ታር እና የዳታ ታር ይኖረዋል፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። ዊል በዲስት-ኢንፎ የሚጨርስ ፎልደር ይኖረዋል፤ ውስጡ ሜታዳታ፣ ዊል እና ሬኮርድ የሚባሉ ፋይሎች አሉ። የኤንፒኤም ፓኬጅ ከላይኛው ፎልደሩ ሥር ፓኬጅ-ጄሰን ፋይል አለው። የአርች ፓኬጅ በነጥብ የሚጀምር ፒኬጂ-ኢንፎ ፋይል አለው። እነዚህ ከጎደሉ መያዣው ትክክል ቢሆንም ፓኬጁ ፓኬጅ አይደለም።

የጭመቃውን ዓይነትም እዩ። ኡቡንቱ ከ21.10 ጀምሮ ዴቦቹን በዚስታንዳርድ ይጨምቃል። ዴቢያን 11 ላይ ያለው ዲፒኬጂ (ዴብ የሚጭነው ፕሮግራም) ይህን አይፈታም፤ ዴቢያን 12 ላይ ያለው ግን ይፈታል። ስለዚህ ፍጹም ጤናማ የሆነ ዴብ የተሳሳተ ማሽን ላይ ሊወድቅ ይችላል። ይህን ቀድሞ ማወቅ በመጫን መሀል ከመቆም ይሻላል።

ዚፕ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። የዚፕ ዋና ማውጫ ያለው ፋይሉ መጨረሻ ላይ ነው። እያንዳንዱ አባል ደግሞ የራሱ ራስጌ ከፊቱ አለው። ማለትም ስለ አንድ ፋይል ሁለት ቦታ ይነገራል፣ ሁለቱ ደግሞ ላይስማሙ ይችላሉ። አንዱ አንባቢ ይህን፣ ሌላው ያንን ካመነ ነገሩ ይበላሻል። ይህ የወረቀት ላይ ፍርሃት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድሮይድ ላይ ማስተር ኪይ የተባለው ክፍተት ሲገለጥ፣ ዘዴው በአንድ ኤፒኬ ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች ማስቀመጥ ነበር። ፊርማ የሚፈትሸው ኮድ አንዱን አየ፣ የሚጭነው ኮድ ሌላውን ጫነ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የፓይተን ፓኬጆች ማከማቻ የሆነው ፓይፒአይ እንዲህ አሻሚ የሆኑ ዚፖችን እንደማይቀበል አስታውቋል።

ከዚህ ሦስት ተግባራዊ ሕጎች ይወጣሉ። ድርብ ስም ያለበትን ዚፕ መልሱ። የአባላቱ ራስጌዎችና ዋናው ማውጫ ካልተስማሙ መልሱ። ከመጀመሪያው አባል በፊት ወይም ከማውጫው በኋላ ትርፍ ባይት ካለ መልሱ። የመጨረሻው ጥቂት ጤናማ ፋይሎችን ሊያስቀር ይችላል፤ ለምሳሌ ራሳቸውን የሚፈቱ ማህደሮችን። ግን ዊል ወይም ኑጌት ራሱን የሚፈታበት ምክንያት የለም።

ቀጥሎ የፋይል መንገዶች። በስላሽ (/) የሚጀምር ሙሉ መንገድ በዊል ወይም በኤንፒኤም ፓኬጅ ውስጥ ቦታ የለውም። ሁለት ተከታታይ ነጥብ (..) እየደገመ ወደ ላይ የሚወጣ መንገድም እንዲሁ። ከፓኬጁ ውጪ የሚያመለክት ሲምሊንክም እንዲሁ። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2018 ዚፕ ስሊፕ በሚል ስም በሰፊው ታወቀ፤ ነገሩ ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል። በፓይተን የምትሠሩ ከሆነ፣ የታርፋይል ሞጁል ከ3.12 ጀምሮ ማጣሪያ አለው። ዳታ የሚባለውን ማጣሪያ ተጠቀሙ። በ3.14 ነባሪ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት ባሉት ግን ራሳችሁ መጥቀስ አለባችሁ። በዴብና በአርፒኤም ውስጥ ሴትዩአይዲ ምልክት ያለው (በባለቤቱ ሥልጣን የሚሮጥ) ፋይል ካያችሁ የግድ መጣል ባይኖርባችሁም ሰው ይየው።

መጠንም አለ። የተጨመቀ ፋይል ሲፈታ ሺህ እጥፍ ሊያብጥ ይችላል። ራስጌው ላይ የተጻፈውን መጠን አትመኑ፤ እየፈታችሁ ቁጠሩ፣ ገደቡ ሲያልፍ አቁሙ።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ፕሮግራም በሩት እንዳይሮጥ። መርማሪውም ኮድ ነው፣ ኮድ ደግሞ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2020 አፕት ራሱ ዴብ ፋይል ሲያነብ የቁጥር መትረፍረፍ ችግር ተገኝቶበት ተስተካክሏል። ፈታሹን ምንም ሥልጣን በሌለው ተጠቃሚ፣ ኔትወርክ በሌለው ኮንቴይነር ውስጥ አስኪዱት።

6. ፓኬጁ ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ጠይቁ

ባይቶቹ ዴብ ነው አሉ። መልካም። ግን ምን ዓይነት ዴብ? በዴቢያን ሜታዳታ ውስጥ ፓኬጅ-ታይፕ የሚባል መስክ አለ። ካልተጻፈ በነባሪ ተራ ዴብ ተብሎ ይወሰዳል። ዩዴብ የሚል ከሆነ ለዴቢያን መጫኛ ፕሮግራም ብቻ የተሠራ፣ የተቆራረጠ ፓኬጅ ነው። በሚሠራ ማሽን ላይ አይጫንም። መያዣው ግን ከሌላው ዴብ አይለይም። ሜታዳታውን ካላነበባችሁ አትይዙትም። ተገንብቶ ባለቀ ዩዴብ ውስጥ ይህ መስክ ላይጻፍ ስለሚችል፣ ሴክሽን የሚለውን መስክም እዩ፤ ዴቢያን-ኢንስቶለር ይላል።

በፒኤችፒ ዓለም ኮምፖዘር የተባለው ፓኬጅ ማናጀር ይህን ግልጽ አድርጎታል። ኮምፖዘር-ጄሰን ውስጥ ታይፕ የሚል መስክ አለ። ካልተጻፈ ላይብረሪ ነው። ፕሮጀክት ከሆነ ሙሉ መተግበሪያ ነው፤ እንደ ጥገኛ (ሌላ ፓኬጅ የሚፈልገው ፓኬጅ ሆኖ) መምጣቱ ያጠያይቃል። ሜታፓኬጅ ከሆነ የራሱ ፋይል የለውም፤ ሌሎችን ብቻ ይጠራል። ኮምፖዘር-ፕለጊን ከሆነ ግን ቆም በሉ። ፕለጊን ማለት በራሱ በኮምፖዘር ውስጥ የሚሮጥ ኮድ ነው። ለዚህም ነው ኮምፖዘር ከ2.2 ቨርዥን ጀምሮ አላው-ፕለጊንስ በሚለው ቅንብር የትኛው ፕለጊን እንደሚፈቀድ በስም እንድትዘረዝሩ የሚጠይቀው። ሁሉንም የሚፈቅደውን ቅንብር አታብሩ። ደጋግሞ መጠየቁ ሊያናድድ ይችላል፤ ጥቅሙ ግን እዚያው ነው።

የተነገረውን ዓይነት ካነበባችሁ በኋላ ከእውነታው ጋር አስተያዩት። «ሜታፓኬጅ ነኝ» ብሎ ፋይል የያዘ ይመለስ። «ፕለጊን ነኝ» ያለ፣ ኮምፖዘር-ፕለጊን-ኤፒአይን የማይጠይቅ ከሆነ ይመለስ።

ኤንፒኤም ላይ እንዳትሸወዱ። ፓኬጅ-ጄሰን ውስጥ ያለው ታይፕ የሚለው መስክ የፓኬጁን ዓይነት አይናገርም። ፋይሎቹ በየትኛው የጃቫስክሪፕት ሞጁል ሥርዓት እንደሚነበቡ ነው የሚናገረው። በኤንፒኤም የእናንተን ትኩረት የሚፈልገው ስክሪፕትስ የሚለው መስክ ነው። በውስጡ ፕሪኢንስቶል፣ ኢንስቶል ወይም ፖስትኢንስቶል ካለ፣ ያ ፓኬጅ ሲጫን ኮድ የሚያስኬድ ፓኬጅ ነው። እንደ ሌላ ዓይነት ቁጠሩት፣ የራሱንም ፈቃድ ይጠይቅ።

የፓይተኑ ልዩነትም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ዊል ሲጫን ፋይሎቹ ቦታቸው ላይ ይቀመጣሉ እንጂ የግንባታ ኮድ አይሮጥም። የሶርስ ስርጭት ግን መጀመሪያ ይገነባል፤ በግንባታው ጊዜ የፓኬጁ ደራሲ የጻፈው ማንኛውም ነገር ሊሮጥ ይችላል። ዊል ብቻ የምትቀበሉ ከሆነ፣ በራችሁ ቢያጣራም ፒፕን ኦንሊ-ባይነሪ በሚለው አማራጭ እሰሩት።

ከዚያ ስሙን ከሜታዳታው ጋር አወዳድሩ። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የፓይተን ስሞች ከመወዳደራቸው በፊት መስተካከል አለባቸው፦ ትልልቅ ፊደላት ወደ ትንንሽ፣ ተከታታይ ሰረዝ፣ ነጥብና የታች ሰረዝ ወደ አንድ ሰረዝ። ይህን ካላደረጋችሁ ትክክለኛ ዊሎችን ትመልሳላችሁ። በዴብ ደግሞ ቨርዥኑ ኢፖክ ሊኖረው ይችላል፤ ከሁለት ነጥብ (፡) ምልክት በፊት ያለው ቁጥር ማለት ነው። ሜታዳታው 1፡2.3 ሲል የፋይሉ ስም 2.3 ብቻ ይላል። ይህ ስህተት አይደለም፤ ልማዱ ነው።

7. አርክቴክቸር

ይህ አጭር ነው። ሜታዳታው ያለውን ማሽኑ ካለው ጋር አወዳድሩ። ለአንድ ፕሮሰሰር ዴብ ኤኤምዲ64 ሲል አርፒኤም ኤክስ86-64 ይላል፤ ዴብ አርም64 ሲል አርፒኤም ኤአርች64 ይላል። የመተርጎሚያ ሰንጠረዥ ያስፈልጋችኋል። ለሁሉም ማሽን ነኝ የሚለው ደግሞ በዴብ ኦል፣ በአርፒኤም ኖአርች፣ በዊል ኤኒ ነው።

«ለሁሉም ነኝ» የሚል ፓኬጅ ውስጥ በ127 69 76 70 የሚጀምር ፋይል ካገኛችሁ አንድ ነገር ተሳስቷል። የሊኑክስ ማሽን ኮድ ነው። 18ኛው ባይት ላይ 62 ካለ ለኤክስ86-64፣ 183 ካለ ለኤአርች64 ነው።

8. ፊርማና ሃሽ

የዓይነት ፍተሻ የፊርማን ቦታ አይተካም፤ ፊርማም የዓይነት ፍተሻን አይተካም። እ.ኤ.አ. በ2024 በኤክስዜድ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የጀርባ በር ሲገኝ፣ ፓኬጆቹ በዓይነታቸው ምንም ጉድለት አልነበረባቸውም። በስርጭቶቹ መደበኛ መንገድ ነው የገቡት። ይህ በር የሚይዘው ሌላ ነገር ነው፦ ሌላ ነገር መስሎ የመጣን፣ ያልተፈቀደን፣ የተበላሸን። ከዚያ በላይ አትጠብቁበት።

ሃሽ ወይም ፊርማ ካላችሁ ከ4ኛው ደረጃ በፊት ፈትሹ። ያልተፈረመን ነገር ከፍቶ ማንበብ ለምን ያስፈልጋል?

9. ፍርድና ርክክብ

የበሩ መልስ ሁለት ብቻ ይሁን፦ ያልፋል ወይም አያልፍም። «ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያሳልፋል» የሚባል ሦስተኛ መልስ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማንም አያነበውም። ሰው እንዲያየው የምትፈልጉት ነገር ካለ ሰው እስኪያየው ድረስ አይለፍ። ፈታሹ ራሱ ቢወድቅ ወይም ጊዜው ቢያልፍ መልሱ «አያልፍም» ነው።

ርክክቡ በቃል ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

ጥያቄውን መድብ፤ ካልተፈቀደ አቁም
ፋይሉን ወደ ማቆያ ቅዳ፣ መጠኑን እይ፣ ሃሹን ያዝ
ሃሽ ወይም ፊርማ ካለ አረጋግጥ
በባይቶቹ ፎርማቱን ለይ
መዋቅሩን ፈትሽ
ሜታዳታውን አንብብ
ስም፣ ባይትና ሜታዳታ ካልተስማሙ አቁም
ዓይነቱና አርክቴክቸሩ በዝርዝሩ ላይ ከሌሉ አቁም
ሃሹን እንደገና አስላ፤ ከተለወጠ አቁም
ያንኑ የማቆያ ፋይል ለፓኬጅ ማናጀሩ ስጥ

የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች በከንቱ አልገቡም። አንድ ፋይል መርምራችሁ፣ ከዚያ ፓኬጅ ማናጀሩ ከሊንኩ እንደገና እንዲያወርደው ካደረጋችሁ፣ የመረመራችሁት ሌላ የጫናችሁት ሌላ ሊሆን ይችላል። ብዙ ስክሪፕቶች በትክክል እዚህ ላይ ይስታሉ፤ ፈታሹ ፋይል ይወስዳል፣ የመጫኛው መስመር ግን አሁንም ሊንክ ይዟል።

ሌላው ቀዳዳ ጥገኛ ፓኬጆች ናቸው። አንዱን ፈትሻችሁ ስታሳልፉ እሱ አሥር ሌሎችን ይጠራል፣ ፓኬጅ ማናጀሩም እነሱን ከኢንተርኔት በራሱ ያመጣል። በሩን አልነኩትም። መፍትሔው ሙሉውን ዝርዝር ቀድሞ ማስላት፣ ሁሉንም በበሩ ማሳለፍ፣ ከዚያ ፓኬጅ ማናጀሩን ከማቆያው ብቻ እንዲጭን ማስገደድ ነው። በፒፕ ኖ-ኢንዴክስ እና ፋይንድ-ሊንክስ የሚባሉ አማራጮች ይህን ያደርጋሉ፤ ሪኳየር-ሃሽስ ደግሞ ሃሹ ያልተጻፈለትን አይነካም። በኤንፒኤም ኢግኖር-ስክሪፕትስ፣ በኮምፖዘር ኖ-ፕለጊንስ እና ኖ-ስክሪፕትስ አሉ። በሩ እያለም አብሯቸው፤ ሁለተኛ መከታ አይጎዳም።

ሎጉ ላይ ሃሹን፣ ከስሙ፣ ከባይቶቹና ከሜታዳታው የተገኙትን ሦስት መልሶች እና ፓኬጁ ያለፈበትን ወይም የወደቀበትን ሕግ ጻፉ። ለተጠቃሚው የሚታየው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን፦ ምን ተጠብቆ ምን እንደተገኘ። «ለዚህ ማሽን ዊል ይጠበቅ ነበር፤ የመጣው የሶርስ ስርጭት ነው» የሚል መልእክት ብዙ የስልክ ጥሪ ያስቀራል።

10. በሩን ፈትኑ

አንድ የናሙና ፎልደር አዘጋጁ። መጥፎዎቹ እነዚህን ይጨምሩ፦ ባዶ ፋይል፤ ዴብ ተብሎ የተሰየመ የኤችቲኤምኤል ገጽ፤ ዴብ ተብሎ የተሰየመ ስታቲክ ላይብረሪ፤ ግማሹ የተቆረጠ አርፒኤም፤ የሶርስ አርፒኤም፤ ዩዴብ፤ ድርብ ስም ያለበት ዊል፤ ወደ ላይ የሚወጣ መንገድ የያዘ ታር፤ ፋይል የያዘ ሜታፓኬጅ፤ ኤፒኬ የሚል ቅጥያ ያለው ግን ከሌላው ዓለም የመጣ ፓኬጅ። ለእያንዳንዱ «አያልፍም» መባሉን ብቻ ሳይሆን በየትኛው ሕግ እንደወደቀ ፈትኑ። በተሳሳተ ምክንያት የወደቀ ናሙና ነገ ኮዱ ሲሻሻል ሳይታሰብ ሊያልፍ ይችላል።

ጥሩዎቹም ያስፈልጋሉ፦ ኢፖክ ያለው ዴብ፣ በዚስታንዳርድ የተጨመቀ ዴብ፣ በስሙ ነጥብና ትልቅ ፊደል ያለው የፓይተን ፓኬጅ፣ ታይፕ የሚለው መስክ የሌለው የኮምፖዘር ላይብረሪ። ጤናማውን የሚመልስ በር ሰዎች ዞረውት የሚሄዱበትን መንገድ እንዲፈልጉ ያደርጋል፣ ያኔ ደግሞ ጨርሶ እንደሌለ ነው። ዝርዝሩ ላይ አዲስ ፎርማት ሲጨመር መጀመሪያ ጥሩና መጥፎ ናሙናዎቹ ፎልደሩ ውስጥ ይግቡ፣ የፈታሹ ኮድ ከዚያ በኋላ ይጻፍ።